በር በበር ውስጥ

ሱሉልታ ላይ የቅርጫ በሬ ሲታረድ ያየ ሰው ያውቀዋል። ቆዳው ተገፎ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ ሥጋው በቅጠል ላይ መደብ መደብ ሲደረግ፣ ልቡ ከነሽፋኑ ይወጣል። ሽፋኑ ስስ ነው፤ ነጣ ያለ፣ ወደ ብርሃን ሲያነሡት ከበስተኋላው ያለውን ጣት የሚያሳይ። ሲጎትቱት ግን እንዲህ በቀላሉ አይቀደድም። ከመደቡ ማንም አይቆጥረውም። ቢላዋ የያዘው ሰው ገፎ ይጥለዋል፤ ከዚያ ወዲያ የውሻ ወይም የአሞራ ነው።

ይኸው የሚጣል ሽፋን በመድኃኒት ተለፍቶ፣ በልክ ተቆርጦ፣ ከብረት ወንፊት ጋር በእጅ ሲሰፋ የሰው ልብ ቫልቭ ይሆናል። ተጨምቆ እስክሪብቶ በሚያህል ቱቦ ይጓዛል፤ ብሽሽት ላይ ከደም ሥር ገብቶ ሽቅብ ይወጣና ልብ ደጃፍ ላይ ይከፈታል። ደረት አይቀደድም። ሥራው የሠመረ እንደሆነ ሕመምተኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ ቤቱ ይገባል። ቫልቩ ጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ወይም ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ አንዳንዴም የሚቀረው መፍትሔ በመጀመሪያው ውስጥ ሁለተኛ ቫልቭ መትከል ብቻ ይሆናል። የምተርከው ይህ ጥበብ እንዴት እንደመጣ፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ተነሥቶ አዲስ አበባ የልብ ክሊኒክ ደጅ ለሚጠናው ሰውም ምን ትርጉም እንዳለው ነው። ዓመቶቹንና ቀኖቹን፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ቫልቭ በር ነው። ልብ አራት በር አለው፤ እያንዳንዱ በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በሩ በሁለት መንገድ ይበላሻል። አንዱ ሲጠብ ነው፤ ደሙ እንደልቡ ማለፍ ያቅተዋል፣ ልብ በግድ ሲገፋ ይደክማል። ሌላው አልገጥም ሲል ነው፤ የወጣው ደም ተመልሶ ይፈስሳል፣ ልብም አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ይሠራል። በመጨረሻ የሚመጣው ግን አንድ ነው፤ ትንፋሽ ማጠር፣ እግር ማበጥ፣ በጀርባ መተኛት አቅቶ ሌሊቱን ትራስ ደራርቦ ቁጭ ብሎ ማንጋት።

ታሪኩ በሩ ላይ ከመድረሱ በፊት መንገዱ መገኘት ነበረበት። በ1929 ኤበርስቫልደ በምትባል የጀርመን ከተማ ቬርነር ፎርስማን የተባለ የ25 ዓመት ጀማሪ ሐኪም የክንዱን ደም ሥር ከፍቶ ለሽንት የሚያገለግል ቀጭን ቱቦ ወደ ልቡ አስገባ። ቱቦው እንደተሰካ በእግሩ ወደ ራጅ ክፍሉ ሄዶ ፎቶ ተነሣ። ጫፉ ልቡ ውስጥ ታየ። ያኔ ያገኘው ምስጋና ሳይሆን ወቀሳ ነበር። ከ27 ዓመት በኋላ፣ በ1956፣ ከሁለት ሌሎች ሐኪሞች ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዛሬ ካቴተር በሚባለው ቀጭን ቱቦ የሚሠራ የልብ ሕክምና ሁሉ የሚሄደው እሱ በገዛ ክንዱ በከፈተው መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ቫልቭ ቦታው ላይ አልተቀመጠም። በ1952 ቻርልስ ሃፍናግል የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ትንሽ ቱቦ ውስጥ የምትንቀሳቀስ የፕላስቲክ ኳስ ሠርቶ ለታማሚ ተከለ። የተከላት ግን ልብ ደጃፍ ላይ አልነበረም፤ ከልብ ወጥቶ ወደ ታች በሚወርደው፣ አኦርታ በሚባለው ትልቁ የደም ሥር ላይ ነበር። ልብን አቁሞ፣ ከፍቶ፣ ትክክለኛው ቦታ ላይ መስፋት አይቻልም ነበርና። በሩን ከቤቱ ርቆ መንገድ ላይ እንደማቆም ያለ ነገር ነው። ቢሆንም ጥቂት ረዳ፤ ወደ ኋላ ይመለስ ከነበረው ደም ከፊሉን አስቀረ።

በዓመቱ፣ በግንቦት 1953፣ ጆን ጊበን የልብንና የሳንባን ሥራ ተክቶ በሚሠራ ማሽን እየታገዘ የመጀመሪያውን የተሳካ ቀዶ ሕክምና አደረገ። ልብን ማቆም ተቻለ። በ1960 ድዋይት ሃርከን ቫልቭን በትክክለኛ ስፍራው ተከለ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ አልበርት ስታር የተባለ ወጣት ቀዶ ሐኪም ሎዌል ኤድዋርድስ ከተባለ ጡረታ ከወጣ መሐንዲስ ጋር የሠራውን፣ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ያለ ኳስ፣ ሚትራል በተባለው በር ቦታ አስገባ። ሕመምተኞች ከዚህ ጀምረው ከሰው ሠራሽ ቫልቭ ጋር ዓመታት ኖሩ። በጸጥታ ሌሊት የገዛ ቫልቫቸውን ቀጭ ቀጭ ማለት እየሰሙ።

የብረቱ ቫልቭ ጽኑ ነው፤ ደም ግን ይረጋበታል። ስለዚህ ያስገባ ሰው ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን የተባለ የደም ማቅጠኛ ይወስዳል፤ መጠኑም በደም ምርመራ እየተለካ ይስተካከላል። ቢያንስ ደም ረግቶ ቫልቩን ይደፍናል፤ ቢበዛ ሰውን ያደማል። እኛ አገር ይህ ሚዛን በጾም ወራት ይናጋል። ጎመን በብዛት ሲበላ የመድኃኒቱ ኃይል ይቀንሳልና፣ ሰው የበላው ምግብ ከሑዳዴ በፊትና በኋላ አንድ ስላልሆነ ልኬቱ ይለዋወጣል። ቫልቭ የተደረገላት ወጣት ሴት ልጅ መውለድ ስትፈልግ ደግሞ ጭንቁ ይብሳል፤ መድኃኒቱ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል፣ መተውም እሷን ለሞት ያጋልጣል። ይህን ለማምለጥ በ1960ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው አለን ካርፓንቲዬ የአሳማ ቫልቭን በኬሚካል አልፍቶ ለሰው የሚሆንበትን መንገድ አገኘ። ከእንስሳ የሚሠራ ቫልቭ ዋርፋሪንን ዕድሜ ልክ አይጠይቅም። ያረጃል ግን፤ በወጣት ሰውነት ውስጥ ሲሆን ደግሞ ቶሎ ያረጃል። በኋላ ይህን አንድ ነገር እንፈልገዋለን።

ከዚያ ፊኛ መጣ። ጃፓናዊው ካንጂ ኢኖዌ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የጠበበውን ሚትራል በቱቦ በምትገባ ፊኛ ማስፋት ጀመረ። በ1985 አለን ክሪቢዬ ሩዋን በተባለችው የፈረንሳይ ከተማ ይህንኑ ከልብ መውጫ ላይ ላለው ለአኦርቲክ ቫልቭ ሞከረው። ቀዶ ሕክምና የማይችሉ ሽማግሌዎች ተነሥተው ሄዱ። ነገር ግን በወራት ውስጥ በሩ ተመልሶ ጠበበ። ክሪቢዬ ያን ጊዜ የገባው ነገር ቀላል ነበር፤ በሩን ከፍቶ መተው ዋጋ የለውም፣ ተከፍቶ እንዲቀር የሚይዘው ነገር ያስፈልጋል።

1989 ለዚህ ታሪክ ሁለት ልደት የታየበት ዓመት ነው። ዴንማርካዊው ሄኒንግ ሩድ አንደርሰን የካቲት ላይ አሜሪካ በአንድ ጉባኤ ተገኝቶ ስለ ደም ሥር መደገፊያ የብረት ወንፊት ሲነገር ሰማ፤ ወንፊቱ ውስጥ ቫልቭ ቢሰፋስ አለ። አገሩ ተመልሶ ከሥጋ ቤት የአሳማ ልብ ገዛ፤ ሽቦውን በእጁ ጠመዘዘ፤ ቫልቩን ቆርጦ ሰፋበት። ግንቦት 1 ቀን አንድ አሳማ ውስጥ በፊኛ ከፈተው፣ ሠራም። ጽሑፉን ግን የታወቁት መጽሔቶች አልተቀበሉትም፤ የታተመለት በ1992 ነው።

በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ዶክተር በላይ አበጋዝ የተባሉ የሕፃናት የልብ ሐኪም የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ድርጅት መሠረቱ። ያን ጊዜ አገር ውስጥ ልብ ተከፍቶ የሚታከምበት ማዕከል አልነበረም። ሐኪሙ ጆሮውን ልጁ ደረት ላይ ካስጠጋ በኋላ ለእናቱ የሚነግራት ሁለት ነገር ነበር፤ ሕመሙ ይህ ነው፣ ሕክምናው እዚህ የለም። ድርጅቱ ልጆቹን በየውጭ አገሩ በጎ አድራጊ እየፈለገ መላክ ጀመረ። ከ1995 ጀምሮ በእስራኤል ሆሎን የተቋቋመ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ብዙ የኢትዮጵያ ልጆችን ተቀበለ። አንድ ልጅ ሲሄድ ግን ወረፋው ላይ ስንቱ ይቀር ነበር!

የልጆቹ ሕመም ከየት ነው የሚመጣው? ከፊሉ አብሯቸው የተወለደ ነው። ሌላው የሚነሣው ከጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ጉሮሮን ያቆስላል፤ እናት እንጥል ወረደ ትላለች፣ ልጁ በጥቂት ቀን ይሻለዋል፣ ይረሳል። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጉልበቱ ያብጣል፣ ከዚያ ክርኑ፤ ቁርጥማቱ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ይዘዋወራል። ሰውነቱ ከባክቴሪያው ጋር የተዋጋበትን ጦር በገዛ ልቡ ላይ አዙሮበታል። ቁርጥማቱ ይለቃል፤ ቫልቩ ላይ የቀረው ጠባሳ ግን አይለቅም። ጉሮሮው በጊዜ በፔኒሲሊን ቢታከም ይህ ሁሉ አይመጣም። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ባክቴሪያውን አይነካውም፤ ልጁን ለመድማትና ለቁስል ያጋልጠዋል እንጂ።

በ1990ዎቹ ዶክተር ከበደ ኦሊና ባልደረቦቻቸው ተማሪዎችን እያዩ ቆጠሩ። በ1992 የታተመው ጥናታቸው በአንዲት የገጠር ከተማ ከ1,000 ተማሪ 4.6፣ በ1999 የታተመው ደግሞ አዲስ አበባ ላይ 6.4 ገደማ በዚህ ሕመም ልባቸው የተጎዳ መሆኑን አሳየ። በ2016 ሰዉ ኢኮ በሚለው የልብ አልትራሳውንድ በተለያዩ ክልሎች የተደረገ ሌላ ጥናት ሲታተም ቁጥሩ ከ1,000 ወደ 19 ወጣ። ሕመሙ በዚያን ያህል ስለጨመረ ነው ማለት አይደለም፤ ጆሮ ያልሰማውን መሣሪያ አየው እንጂ። ከአምስት መቶ ልጅ ዘጠኝ አሥሩ ማለት ነው፣ አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ሲቆም።

ወደ ቱቦው እንመለስ። በ2000 ፊሊፕ ቦንሆፈር ፓሪስ ላይ ለአንድ የ12 ዓመት ልጅ፣ ቀድሞ ተተክሎለት በነበረውና በተበላሸው ወደ ሳንባ የሚሄድ ባለ ቫልቭ ቱቦ ውስጥ፣ ከከብት የተወሰደ ቫልቭ በካቴተር አስገባ። በዓለም ለሰው በካቴተር የገባው የመጀመሪያው ቫልቭ፣ በሌላ በተበላሸ ቫልቭ ውስጥ የገባ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2002፣ የክሪቢዬ ቀን መጣ። ሕመምተኛው የ57 ዓመት ሰው ነበር፤ አኦርቲክ ቫልቩ ክፉኛ ጠብቦ ልቡ ሊቆም ደርሷል፣ ቀዶ ሐኪሞች አንቀበልም ብለዋል። የእግሩ ደም ቅዳ ቧንቧዎች ስለተደፈኑ በዚያ በኩል መሄድ አልተቻለም። ክሪቢዬ በደም መልስ ሥር በኩል ገብቶ፣ የልቡን የውስጥ ግድግዳ በስቶ፣ ዞሮ ደረሰ። ከከብት ልብ ሽፋን የተሠሩት ሦስት ቅጠሎች ፊኛዋ ስትነፋ ተከፈቱ። የሰውየው ደም ግፊት ወዲያው ተስተካከለ፣ የገረጣው ፊቱ ቀላ። 17 ሳምንት ኖሮ ከቫልቩ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ሞተ።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣውን ብዙ ተራኪ ይዘለዋል። እኔ ግን እዚህ ላይ መቆም እወዳለሁ። ክሪቢዬና ባልደረቦቹ በ2004 የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሕመምተኞች ታሪክ ሲያትሙ አምስቱ እንደተሳካ፣ አንዱ ግን እንዳልተሳካ ጻፉ። በዚህኛው ሰው የራሱ ቫልቭ ተቀድዶ ነበር፤ አዲሱ የሚቆነጥጠው ነገር አጣ፣ ከቦታው ተንሸራተተ፣ ሰውየውም ሞተ። ይህን ደብቀውት ቢሆን ሥራው ይበልጥ ያምር ነበር። መጻፋቸው ግን ከእነሱ በኋላ ለመጣ ሐኪም ሁሉ፣ በዚህ በኩል የያዛችሁትን ዕዩ፣ የሚል ምልክት ተወ። ሁለተኛው ቫልቭ የተወለደው ከእንዲህ ያለ ሐቀኝነት ነው፤ እንዲህ አምናለሁ።

አሁን በቅርብ እንየው። የሐኪሙ ዓይን የራጅ ስክሪኑ ላይ ነው፤ በቱቦ የተለቀቀው ቀለም የአኦርታን ሥር ለአንድ አፍታ ጥቁር አድርጎ ያሳየዋል። ልቡ ይመታል፣ ቫልቩም ከደሙ ጋር ይወዛወዛል። በፊኛ በሚከፈተው ዓይነት፣ ልቡ በኤሌክትሪክ በደቂቃ ወደ 180 እና ከዚያ በላይ እንዲመታ ይደረጋል፤ ከፍጥነቱ የተነሣ ደም መግፋት ያቆማል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ክፍሉ ውስጥ ማንም አይናገርም። በዚያች ጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ፊኛው ይነፋል። ቫልቩ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ መንቀል የለም። ሌላው ዓይነት የሚሠራው ከኒኬልና ከታይታኒየም ነው፤ በበረዶ ውኃ ውስጥ ይታጠፋል፣ የሰውነት ሙቀት ሲያገኝ የቀድሞ ቅርጹን አስታውሶ ራሱ ይከፈታል። ከዚህ ዓይነት አዳዲሶቹ ሙሉ በሙሉ ከመለቀቃቸው በፊት መልሰው ሊሰበሰቡ ይችላሉ።

ቫልቩ ዝቅ ብሎ ወደ ልብ ውስጥ ከገባ፣ ደሙ በወንፊቱ ክፍት ዓይኖች በኩል ተመልሶ ይፈስሳል፤ የልብ ምት የሚተላለፍበትንም ሥፍራ ይጫናል። ከፍ ካለ ደግሞ ሊያመልጥ፣ ወይም ለራሱ ለልብ ደም የሚያቀብሉትን ሁለት ቀዳዳዎች ሊጋርድ ይችላል። የስህተቱ መንገድ ብዙ ነው፤ መለኪያው ሳይመጥን ይቀራል፣ የታማሚው ቫልቭ የካልሲየም ክምችቱ በአንድ ጎን ያይላል፣ ወይም ደግሞ ካልሲየሙ ስለሌለ የሚቆነጠጥበት ነገር አይኖርም።

ቫልቩ አለቦታው ከተቀመጠ መጀመሪያ በፊኛ መልሶ ማስፋት ይሞከራል፤ በገመድ ማጥመጃ ይዞ ጥቂት ወደ ላይ መጎተትም አለ። ሁለቱም ካልሠሩ ሁለተኛው ቫልቭ ይገባል። የመጀመሪያውን ቅጠሎች ወደ ግድግዳው ይጨፈልቅና በእነሱ ቦታ ሥራውን ይረከባል፤ የወንፊቱን ክፍት ዓይኖች በራሱ ቀሚስ ይሸፍናል። በ2007 በርን፣ ስዊዘርላንድ ያሉ ሐኪሞች በቀዶ ሕክምና ገብቶ በተበላሸ አሮጌ ቫልቭ ውስጥ በካቴተር ቫልቭ ማስገባታቸውን አሳተሙ፤ በዚያው ጊዜ አካባቢ በቦታ ስህተት ምክንያት በካቴተሩ ቫልቭ ውስጥ ሌላ የካቴተር ቫልቭ የመትከል ዘገባዎች መጡ።

በ2010 በአብዛኛው በአሜሪካ የተደረገው ትልቅ ጥናት ታተመ። ቀዶ ሕክምና ከማይችሉት 358 ሕመምተኞች በመድኃኒትና በፊኛ ከተያዙት 50.7 በመቶው በዓመት ውስጥ ሲሞቱ፣ ቫልቩን በካቴተር ካገኙት የሞቱት 30.7 በመቶ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ሥራው በዓለም ተስፋፋ። በ2013 የዚሁ ጥናት ሰዎች ያለመሳካቱንም ቆጥረው አወጡት፤ ከ2,554 ሕመምተኞች 63ቱ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሁለተኛ ቫልቭ አስፈልጓቸዋል፣ በ26ቱ ደግሞ ቫልቩ አምልጧል። በ2020 ከብዙ አገር ተሰብስቦ የታተመ መዝገብ 63,876 ሥራዎችን አይቶ ቆይተው ሁለተኛ የካቴተር ቫልቭ ያስገቡ 212 ሰዎች አገኘ። 74ቱ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ የተመለሱ ናቸው፤ 138ቱ ከዓመት በኋላ። በ30ኛው ቀን በሕይወት የነበሩት ከቀደሙት 94.6፣ ከዘገዩት 98.5 በመቶ ነበሩ። ቶሎ የተመለሱት ብዙውን ጊዜ በዙሪያው በሚያፈስስ ቫልቭ፣ ማለትም በአቀማመጥና በልክ ጉድለት፣ ነው የሚመለሱት፤ ቆይተው የመጡት ቫልቩ አርጅቶባቸው።

ሁለተኛው ግን ከአንደኛው ይከብዳል። የመጀመሪያው ቅጠሎች ወደ ላይ ተገፍተው ሲቀሩ ወንፊቱ ድፍን ቧንቧ ይሆናል፤ ቧንቧው ለልብ ደም ከሚያቀብሉት ከሁለቱ ቀዳዳዎች ጋር ከተጠጋ ልብ ራሱ ደም ያጣል። ስለዚህ በሲቲ ስካን ሚሊሜትር በሚሊሜትር ይለካል። የመጀመሪያው ሐኪም ቫልቩን የት እንዳቆመው፣ ዓይነቱና ቁመቱ፣ ከስንት ዓመት በኋላ የሚመጣውን ሐኪም እጅ ይፈታል ወይም ያስራል።

ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። በ2009፣ በእኛ በ2001 ዓ.ም.፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። ዶክተር በላይ የጀመሩት ሥራ ከሃያ ዓመት በኋላ ቤት አገኘ። ቼይን ኦፍ ሆፕ ከሚባለው፣ ሰር ማግዲ ያዕቆብ ከመሠረቱት የእንግሊዝ ድርጅት የሚመጡ የሐኪም ቡድኖች እየተመላለሱ ሠሩ፣ የአገሩን ሐኪሞች አስተማሩ። በሺዎች የሚቆጠር ወረፋ ግን አልጠፋም።

በየካቲት 2015 በአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ የተሰበሰቡ የአፍሪካ ባለሙያዎች፣ ከእነሱም ደቡብ አፍሪካዊው ቦንጋኒ ማዮሲ፣ ከጉሮሮ የሚነሣው የልብ ሕመም ማጥፊያ ሰባት ሥራዎችን በአንድ ሰነድ ዘርዝረው አወጡ። ዓለም ያንን ሰነድ የሚጠራው በአዲስ አበባ ስም ነው። ፔኒሲሊን እንዲገኝ፣ ሕመምተኞች እንዲመዘገቡ፣ የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከሎች እንዲቋቋሙ የሚሉ ይገኙበታል። በ2018 የዓለም ጤና ጉባኤም ውሳኔ አሳለፈ።

በዚያው ጊዜ አዲስ አበባን የከበቡት ከተሞች እያበጡ ነበር። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ። የመሐል ከተማውን የቤት ኪራይ ያልቻለው እዚያ ወጣ፤ ከገጠር የመጣውም እዚያ አረፈ። በእኛ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ሸገር ከተማ በሚል ስም አንድ ሆኑ። የዚህ ሕመም መኖሪያ ደግሞ መጨናነቅ ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ስድስት ሆነው የሚተኙ ልጆች፣ አንዱ ሲያስል ሌላው ፊት ላይ። ከቡራዩ የሚነሣው በአስኮ አድርጎ ጳውሎስ ሆስፒታል ይወርዳል፤ የሰበታው በዓለም ገና፣ በአየር ጤና፣ በሜክሲኮ ጥቁር አንበሳ ይደርሳል፤ የሱሉልታው የእንጦጦን ትከሻ ተሻግሮ አዲሱ ገበያ። ጤነኛ ሰው የታክሲ ሰልፉን ያማርራል። ቫልቩ የሚያፈስስበት ሰው ሰልፉ ላይ መቆም አይችልም፤ አጥር ተደግፎ፣ ፌርማታው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ተራውን ሌላ ሰው ይጠብቅለታል።

እነዚህን ሕመምተኞች በካቴተር ቫልቭ መርዳት የሚያስቸግረው በገንዘቡ ብቻ አይደለም። ገንዘቡም ቀላል አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ ቫልቩ ብቻ ወደ 30,000 ዶላር ይሸጥ ነበር። ባነር የሰቀለች መኪና በድምፅ ማጉያ፣ ወገኖቼ ለውጭ ሕክምና እርዱኝ፣ እያለች ስትዞር የምንሰማው፣ ከሕክምና ቦርድ ወረቀት ጋር ፎቶው የተለጠፈው ሰው፣ ስንት ጊዜ የልብ ሕመምተኛ ነው። ነገር ግን ከገንዘቡ በፊት የአካል ጉዳይ አለ። ይህ ቫልቭ የተሠራው ለአውሮፓና ለአሜሪካ አዛውንት ነው፤ በዕድሜ የደደረው አኦርቲክ ቫልቫቸው ካልሲየም ስላለው ወንፊቱን ጨምድዶ ይይዘዋል። ከጉሮሮ በመጣ ሕመም የተጎዳው ወጣት በአብዛኛው የሚታመመው ሚትራሉን ነው። አኦርቲኩም ሲነካ ብዙ ጊዜ የሚያፈስስ፣ ካልሲየም የሌለው፣ ለስላሳ ነው፤ ወንፊቱ የሚይዘው ያጣል፣ ይንሸራተታል። ያ ያልተሳካለት የክሪቢዬ ሕመምተኛ የሞተበት ምክንያት እኛ ዘንድ ልማድ ነው ማለት ይቻላል።

ሌላም አለ። የ80 ዓመት አዛውንት ከእንስሳ የተሠራ አንድ ቫልቭ ዕድሜውን ሊጨርስለት ይችላል። የ20 ዓመት ወጣት ግን፣ ዛሬ የገባለት ሲያረጅ ሌላ፣ ያም ሲያረጅ ሌላ ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለተኛው ቫልቭ ለእሱ የስህተት ማረሚያ ብቻ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚጠብቀው ነገር ነው። የአንደኛው አቀማመጥ ለሽማግሌው የዛሬ ጉዳይ ሲሆን ለወጣቱ የሠላሳና የአርባ ዓመት ጉዳይ ነው። ሐኪሞቻችን ዛሬም ብዙውን ጊዜ ወደ ብረቱ ቫልቭና ወደ ዋርፋሪን የሚመለሱት፣ ወይም ዕድሉ ካለ ቫልቩን ሳይቀይሩ መጠገንን የሚመርጡት፣ ይህን ስለሚያውቁ ነው።

ይህን ያዩ ሰዎች ሥራ ጀምረዋል። ኬፕ ታውን ላይ በፕሮፌሰር ፒተር ዚላ የሚመራ ቡድን ከ2008 ወዲህ ለዚህ ለስላሳ ቫልቭ የሚሆን፣ ቦታውን ራሱ ፈልጎ የሚይዝ፣ ሲተከልም ደሙን የማያግድ ፊኛ ያለው ቫልቭ ሲሠራ ቆይቷል። ጀርመን ውስጥ የተጠነሰሰ ሌላ ቫልቭ ደግሞ የታማሚውን የራሱን ቅጠሎች በሦስት መቆንጠጫ እየያዘ ይቆማል፤ ለሚያፈስስ አኦርቲክ ቫልቭ በ180 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናቱ በ2024 ታትሟል። ክሪቢዬ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ አረፈ።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ላይ ግን ዛሬ ያለው መከላከያ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። በየአራት ሳምንቱ የሚወጋ፣ ዋጋው ትንሽ፣ ሕመሙ ግን ብዙ የሆነ ወፍራም ነጭ መርፌ። ቁርጥማቱ አንዴ የያዘው ልጅ ዳግም እንዳይዘው፣ ጠባሳው በጠባሳ ላይ እንዳይጨመር፣ ለዓመታት ይወጋል። እናት ካርዱን በፌስታል ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ትይዘዋለች፤ ቀኑ ከትምህርት ቤት ፈተና ጋር ከተጋጨ መምህሩን ትለምናለች። መርፌው ሲገባ ልጅቷ ግድግዳውን ትይዛለች፣ አታለቅስም፤ ለምዳዋለች። ከዚያ በዝግታ ወደ ታክሲው ይሄዳሉ። አስኮ ላይ የቡራዩው ሚኒባስ ሲሞላ ልጅቷ በአንድ ጎኗ ተደግፋ፣ ክብደቷን ባልተወጋው ላይ ጥላ ትቀመጣለች። እናትየው የሚቀጥለውን ቀን በጣቷ ትቆጥራለች።